ረጃጅም የመሀል ተጫዋቾች በኤንቢኤ (በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት አልፎም እንዴት ይዘልቃሉ?

ጥያቄ፦ ቻይናዊው የመሀል ተጫዋች ያኦ ሚንግ በተደጋጋሚ የእግር ስብራት ምክንያት በ2011 ገና በ30 ዓመቱ ጫማውን ሲሰቅል በጣም አዝኜ ነበር። ታዲያ እንደ እሱ የመሀል ተጫዋች የነበሩት ሮበርት ፓሪሽ 21፣ ካሪም አብዱል-ጀባር ደግሞ 20 የውድድር ዘመን ሊጫወቱ የቻሉት እንዴት ነው?

መልስ፦ ለእኔ የካሪም ምስጢር አጨዋወቱ ነው። ትከሻውን ለተከላካዩ ሰጥቶ፣ በግራ እግሩ ተነሥቶ፣ ኳሷን በቀኝ እጁ ከራሱ በላይ ቀስ አድርጎ ሲለቃት የሚደርስባት አልነበረም፤ ይህ ምት በጉልበትና በከፍተኛ ዝላይ ላይ ያልተመሠረተ በመሆኑ ዕድሜው ሲገፋም አልከዳውም። በ1989 ሲሰናበት 42 ዓመቱ ነበር። ዮጋ ማዘውተሩም መዘንጋት የለበትም።

መልስ፦ ፓሪሽም ዮጋና ማርሻል አርት ይሠራ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ የመጨረሻ ዘመኑን በቺካጎ ቡልስ ያሳለፈው ተቀያሪ ሆኖ፣ በየጨዋታው ጥቂት ደቂቃ ብቻ በመሰለፍ ነው፤ በ1997 ከቡድኑ ጋር ዋንጫ ሲያነሣ 43 ዓመቱ ነበር። ትልቅ ስም ይዞ ትንሽ ሚናን መቀበል ቀላል እንዳልሆነ ይሰማኛል።

መልስ፦ የዛሬዎቹ መንገድ ግን ሌላ ነው። የመሀል ተጫዋቹ ብሩክ ሎፔዝ በመጀመሪያዎቹ ስምንት የውድድር ዘመናት ያስቆጠረው የሦስት ነጥብ ምት (ከቅርጫቱ ርቆ የሚወረወር) 3 ብቻ ሲሆን፣ በ2016–17 ብቻ 134 አስቆጥሯል፤ በዚህም ከቅርጫቱ ሥር ካለው ግፊያ በከፊል ተገላግሏል።