ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ኢንተርቪው አለኝ፤ ቻርቱም የ5 ዓመት ዕቅዱም አልሆነልኝም

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ። ባንክ ውስጥ 6 ዓመት ሠርቼ ወደ ዳታ አናሊስትነት ለመቀየር አመለከትኩ፤ ተጠራሁ። «ከ5 ዓመት በኋላ በሙያሽ የት ደርሰሽ ትገኛለሽ?» ለሚለው አንድ ገጽ ጽፌ፣ ከናሙና ሥራ ጋር ዛሬ ማታ 6 ሰዓት ሳይሞላ መላክ አለብኝ። ከዜሮ ስለምጀምር የምጽፈው ጠፋኝ። ናሙናው የኤክሴል ቻርት ነው። የጥቅምት 30 እና የጳጉሜን ቁጥሮች የሉም፤ ወራቱም ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ እያሉ ወጡ።

ማለዳ፦ የቀኑን አምድ ምረጪና ፎርማቱን ወደ ዴት ቀይሪ። ይቅናሽ እህቴ!

የሕግ ወዳጅ፦ ከሁሉ በፊት የቅጥር ደብዳቤ እጅሽ ሳይገባ መልቀቂያ እንዳታስገቢ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ግዴታሽ ነው። 5 ዓመት ስላለፈሽ በራስሽ ፈቃድ ብትለቂም የስንብት ክፍያ ይገባሻል፤ ባንኩ አሠልጥኖሽ የአገልግሎት ግዴታ ከፈረምሽ ግን ውሉን አውጥተሽ አንብቢ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰብልሻል። የሥራ ልምድ ማስረጃሽ ላይ የሥራ መደቡ በትክክል መጻፉን ሳታዪ አትውጪ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ ግን የዛሬው ማታ ነው የጨነቀኝ። ፎርማት ቀየርኩ፣ ያው ነው።

ቆጣሪ፦ ፎርማት አይፈታውም። ኤክሴል የኛን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን ነው የሚያነበው። 30/2/2016 ለእሱ ፌብሩዋሪ 30 ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። 13ኛ ወርም አያውቅም። ሴሎቹን እዪ፦ ቀን ያላቸው ወደ ቀኝ ተጠግተዋል፣ ጥቅምት 30 ወደ ግራ። የ2015 መረጃ ካለሽ ጥቅምት 29ም ጠፍቷል።

መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጊ። ከቀኑ አምድ በስተቀኝ ሁለት ባዶ አምድ አስገቢ፤ ካላስገባሽ ጎን ያለውን መረጃ ይደመስስብሻል። ዴታ ሜኑ ውስጥ «ቴክስት ቱ ኮለምንስ» ገብተሽ በእዝባር ክፈይው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ለየብቻ ይወጣሉ። ቻርቱን በዓመትና በወር ቁጥር፣ ከ1 እስከ 13፣ ሥሪው። ለዛሬ ይበቃል።

የግድ የፈረንጅ ቀን ካስፈለገሽ፦ ዓመቱ ላይ 7 ደምሪ፣ ከሴፕቴምበር 11 ተነሺ (ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ከ12)፣ ከዚያ ወሩ ሲቀነስ 1 በ30 ተባዝቶ፣ ቀኑ ሲቀነስ 1 ተደምሮ። ጥቅምት 30 ቀን 2016፦ 30 እና 29 ተደምሮ 59 ቀን፤ ከሴፕቴምበር 12፣ 2023 ተነስቶ ኖቬምበር 10 ይውላል።

ፀሐይ፦ ፎርማቱን ወደ ዴት ብትቀይሪውስ?

ዘለቀ፦ እኔ «ከዜሮ» የሚለውን አልቀበልም። ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ሂሳብ ምን እንደሆነ፣ ብድር መክፈያው ሲያልፍ ደንበኛው ምን እንደሚል፣ ከአዲስ ደንበኛ ፎርም ላይ የትኛው ሳጥን ባዶ እንደሚቀር ታውቂያለሽ። ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ) የሚያውቅ ሁሉ ይህን አያውቅም። ገጹ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

«ማናጀር እሆናለሁ» ብለሽ አትጻፊ፤ «የምን?» ሲሉሽ መልስ የለውም። በ5ኛው ዓመት አንድ ማክሰኞ ጠዋትን አስቢ፦ ማን ምን ጥያቄ ይዞ ጠረጴዛሽ ጋ ይመጣል? ለምሳሌ የብድር ክፍል ኃላፊው መጥቶ «የትኞቹ ተበዳሪዎች በሚቀጥለው ወር ክፍያ ሊያቋርጡ ይችላሉ?» ቢል። ያንን ለመመለስ የሚጎድልሽን ጻፊ። አሁን ወጥተው ያሉ 3 የሲኒየር አናሊስት ማስታወቂያዎች ክፈቺ፣ በሦስቱም ውስጥ የተደጋገመውን አስምሪበት። ያለሽን አንድ አንቀጽ፣ የሌለሽን በዓመት ከፋፍለሽ፦ 1ኛው ዓመት ኤስኪውኤል፣ 2ኛው ፓወር ቢአይ (የቻርትና የሪፖርት መሥሪያ ፕሮግራም) እና ስታትስቲክስ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ዘርፍ ላይ መጥለቅ፤ ላንቺ ብድር። ሁሉንም በ1ኛው ዓመት ካጎርሽው አያምኑሽም።

ጠያቂ፦ አምዱ ተከፈለ! ጳጉሜን ግን 5 ቀን ብቻ ስለሆነች ቻርቱ ላይ የወደቀች ትመስላለች።

ቆጣሪ፦ የወሩን ድምር ለቀኑ ብዛት አካፍለሽ የቀን አማካይ አሳዪ፤ ጳጉሜን 6 የሆነችበትን 2015ን ለ6 አካፍዪ። ይህንንም ከቻርቱ ሥር በአንድ መስመር ጻፊው፤ ነገ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ሊሆን ይችላል። ፋይሉን በፒዲኤፍም አያይዢ።