«ፊ»፦ ከብት ወይስ ገንዘብ?

— ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው። «ፊ» ማለት ከብት ነው አሉኝ። እንግሊዝኛም «ፊ» አለው፤ እሱ ግን የምንከፍለው ክፍያ ነው። ይዛመዳሉ ወይስ ድምፁ ብቻ ገጥሞ ነው?

— ይዛመዳሉ፤ ዝምድናው ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው። የጀርመንኛ፣ የደችና የእንግሊዝኛ ወላጅ በሆነው በጥንቱ ጀርመናዊ ቋንቋ ቃሉ «ፌሁ» ነበር። የጀርመንኛው «ፊ»፣ የደቹ «ፌ» እና የጥንቱ እንግሊዝኛ «ፌኦህ» ከሱ ወጡ። ከብት የሚባልበት የላቲኑ «ፔኩስ»ም ዘመዱ ነው፤ ላቲን «ፐ» ባለበት ጀርመናዊዎቹ «ፈ» ይላሉ፣ «ፓቴር» እና «ፋዘር» ላይ እንደምናየው። የዛሬው እንግሊዝኛ «ፊ» ግን ከ«ፌኦህ» በቀጥታ አልወረደም። በፈረንሳይኛ ዞሮ ነው የመጣው፤ ጌታው ላገለገለው ሰው የሚሰጠው ጉልት ስም ነበር። ያም ቃል ከ«ፌሁ» ሳይወጣ እንደማይቀር ብዙዎቹ ሊቃውንት ያምናሉ።

ለኔ የሚጥመኝ አይስላንድኛው ነው። እዚያ «ፍዬ» ዛሬም ሁለቱንም ነው፤ ገበሬው በጎቹን፣ ነጋዴው ገንዘቡን በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ገንዘብ ያዡ «ፍዬሂርዲር» ይባላል፤ ሲፈታ «የፍዬ እረኛ»! የእንግሊዝኛው «ፌሎው»ም የአይስላንድኛ ወላጅ ከሆነው ከጥንቱ ኖርዲክ፣ «ፌላጊ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ሀብቱን ከሌላው ጋር አንድ ላይ ያኖረ ሸሪክ።

— እንግዲያው ነገሩ አለቀ። ድሮ ሀብት ማለት ከብት ነበር፤ ብር ሲመጣ ስሙን ወረሰ።

— ቀስ እንበል ወንድሜ። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ኤሚል ቤንቬኒስት ይህን ገልብጦታል፦ ቃሉ መጀመሪያ የተንቀሳቃሽ ሀብት ሁሉ ስም ነበር፣ ወደ ከብት የጠበበው ኋላ ነው ባይ ነው። አንዱ ምስክሩ ጎትኛ ነው፤ ዛሬ የጠፋ ጥንታዊ ጀርመናዊ ቋንቋ። ጳጳሱ ዉልፊላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን በተረጎመው ወንጌል፣ ማርቆስ 10፥23 ላይ፣ የኛው «ገንዘብ ላላቸው» የሚለው ቦታ ይኸው ቃል ተቀምጧል። በጎትኛ ጽሑፍ ገንዘብና ንብረት ሆኖ እንጂ ከብት ሆኖ አይገኝም።

ሌሎች ደግሞ ሥሩን ሱፍ ከመንጨትና ከማበጠር ጋር ያያይዙታል፤ እንደነሱ ከሆነ ቀዳሚው በግ ነው። እኔ ወደ ቤንቬኒስት አደላለሁ። የእንግሊዝኛውን «ካትል» እዩት፦ ከላቲን «ካፒታሌ» ተነስቶ በፈረንሳይኛ በኩል ሲገባ ማንኛውም ንብረት ማለት ነበር፤ ላሞችና በሬዎች ብቻ የቀሩለት ቆይቶ ነው። መንትያው «ቻተል» በሕግ ቋንቋ እስከ ዛሬ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ባንክ ቤት የምንሰማው «ካፒታል»ም የነሱው ዘመድ ነው።