ለቡና መሸጫ ድረ ገጼ የግላዊነት ፖሊሲ አስቸገረኝ

ጅማ ሆኜ የተቆላ ቡና ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር በሠራሁት ድረ ገጽ እሸጣለሁ። የማዘዣ ቅጹ ስም፣ ስልክና አድራሻ ይቀበላል። ጥቂት ደንበኞች ጀርመን አሉኝ።

መጀመሪያ የዎርድፕረስን የራሱን የፖሊሲ ናሙና ሞከርኩ፤ ስለ ማዘዣ ቅጼ ምንም አይልም። ቀጥሎ ፖሊሲ በነጻ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር ተጠቀምኩ። አገር ምረጥ ሲለኝ ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። «ሌላ» ብዬ አለፍኩ። የወጣው ጽሑፍ ደንበኞቼ በካሊፎርኒያ ሕግ ይዳኛሉ ይላል! ያላስገባሁትን የማስታወቂያ ኩኪም (የጎብኚውን እንቅስቃሴ የሚከታተል ትንሽ ፋይል) እጠቀማለሁ ይላል። ሰው ስልኩን የሚሰጠኝ አምኖኝ ነው፤ ውሸት በስሜ መለጠፍ አልፈልግም።

የአውሮፓን የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ (ጂዲፒአር) እና የእኛን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ታሳቢ አድርጌ አንቀጾቹን በአማርኛ እንዳስተካክል የሚፈቅድልኝ የትኛው ሶፍትዌር ነው?