የግድብ ዳር መዝናኛ ልንሠራ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ባናው (ጠያቂ)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ አነስተኛ የመስኖ ግድብ አለ። ዳርቻው ለተደራጁ ወጣቶች ሊሰጥ ነው፤ የታሰበው ካፌ፣ ጀልባና ዓሣ ነው። ከብት የሚያጠጡት ገበሬዎች ግን ከወዲሁ ቅር ብሏቸዋል። ፕላኑ ከምን ይጀምር?

ክትር፦ ካፌውን ለጊዜው ተዉትና የውሃውን ጫፍ ለዩ። መስከረም ላይ አንድ ምልክት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሌላ። መሬቱ በ100 ሜትር 2 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ውሃው 1 ሜትር ሲወርድ ዳሩ 50 ሜትር ይሸሻል። በመስከረም ውሃ ዳር የተሠራ ካፌ ለፋሲካ ጭቃ ዳር ነው፤ እንግዳ የሚበዛው ደግሞ በበጋ! በሁለቱ ምልክቶች መካከል ቋሚ ነገር አትሥሩ። የጀልባ መሳፈሪያውም በፕላስቲክ በርሜል ላይ የተረበረበ ተንሳፋፊ ጣውላ ይሁን። ባለ 200 ሊትር በርሜል በደንብ ከተደፈነ 180 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ እናንተ ግማሹን ብቻ አስቡ። ስምንት በርሜል ካለ ጣውላውም ሰዉም ተደምሮ ከ720 ኪሎ አይለፍ።

የጽድ ጥላ፦ ሽንት ቤቱ ከላይኛው ምልክት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። አፈሩ መረሬ ከሆነ ጉድጓድ አትቆፍሩ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳው ይናዳል፣ ውሃም አያሰርግም። ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ ባለ ሁለት ክፍል ደረቅ ሽንት ቤት ይሻላል፤ ሽንቱ ለብቻው ይውጣ፣ በየአጠቃቀሙ አመድ ይነስነስበት። አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ ይቆያል፣ ሌላው ይሠራል።

ዓሣን በተመለከተ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አትጨምሩ። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን አይራባም፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ካርፕ ብርድ ይችላል፣ ግን ጭቃ ያደፈርሳል።

ባናው፦ ከብቱስ?

የጓሳ ልጅ፦ መከልከል ጠብ ነው። አንድ ከብት በቀን ከ30 እስከ 50 ሊትር ይጠጣል፤ ለ100 ከብት 5,000 ሊትር ያዙ። ከግድቡ ግርጌ ገንዳ ሠርታችሁ ውሃውን በቱቦ አውርዱለት፤ ኮቴው ዳሩን አይንደውም፣ እበቱም ውሃውን አያበላሽም። የመንዝ ጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት (በአካባቢው ነባር የጋራ አጠባበቅ ደንብ) ዘመናት የቆየው ተጠቃሚው ራሱ ጠባቂ ስለነበር ነው። እዚህም ገበሬው ከመግቢያው ገንዘብ ድርሻ ይኑረው፣ ጠላውም ቆሎውም በጉም ከእሱ ይገዛ። ከገንዘቡ የተወሰነው ደግሞ ከግድቡ በላይ ባለው ተዳፋት ለእርከንና ለጎርፍ መከተሪያ ይዋል፤ ግድቡን ደለል ከሞላው ጀልባውም የለም። ታቦት የሚወርድበት ቦታ ከሆነ የጥምቀተ ባሕሩን ሜዳ ከፕላኑ አውጡት። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማውንም በአዋጅ 299/1995 መሠረት ከግንባታው በፊት ጠይቁ።

ባናው፦ ምልክቱ የእንጨት ችካል ቢሆንስ?

ክትር፦ በሳምንቱ ማገዶ ነው። የማይነቃነቅ ድንጋይ ፈልጉና ቀይ ቀለም ቀብታችሁ ቀኑን ጻፉበት።