ከልጆች ጋር ስንሄድ ኩጋር ቢያጋጥመንስ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት
ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ከልጆቼ ጋር ወደ ጫካ መንገድ ልንገባ ስንል፣ መግቢያው ላይ «በዚህ አካባቢ ኩጋር ታይቷል» የሚል ማስታወቂያ አየሁ፤ ኩጋር የተራራ አንበሳ የሚሉት ትልቅ የዱር ድመት ነው። ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ትንሿ አራት ዓመቷ ሲሆን ሁልጊዜ ቀድማ መሮጥ ትወዳለች። እጇን ይዤ ወደ መኪናው ተመለስሁ። ባለቤቴ «በዚህ መንገድ በየቀኑ ስንት ሰው ያልፋል» አለኝ። ልጆቼን በፍርሃት ቤት ማስቀረት አልፈልግም፤ ሳላውቅ መግባትም አልፈልግም። ቢያጋጥመን መጀመሪያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የማታ ተጓዥ
እህቴ፣ ባለቤትሽም አልተሳሳተም። በመላው ሰሜን አሜሪካ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ኩጋር የገደላቸው ሰዎች 30 ገደማ ናቸው። ነገር ግን በልጅ ላይ ሲሆን ቁጥር አያጽናናም፤ ትንሽ አካልና ሩጫ የአዳኙን ስሜት ይቀሰቅሳሉ።

እኔ አንድ ጊዜ በጥቅምት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አጋጥሞኛል። ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ያየኝ ነበር። ድንጋይ ላነሳ ጎንበስ ስል ትዝ አለኝ፦ ያጎነበሰ ሰው በእሱ ዓይን አራት እግር ያለው ታዳኝ ይመስላል። ቀና ብዬ ጃኬቴን ከራሴ በላይ ዘረጋሁ፤ ዓይኑን እያየሁ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ጮህሁ፤ ጀርባዬን ሳልሰጥ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። በመጨረሻ እሱ ዞሮ ሄደ።

አንቺ ከሁሉ በፊት ትንሿን አንሺያት፤ ዓይንሽን ከእንስሳው ሳትነቅይ። ትልቁ ከጎንሽ ይጠጋ። አትሩጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ባለችው ኖርዝ ቤንድ ከተማ አቅራቢያ ኩጋር አንዱን ብስክሌተኛ ነክሶ ከያዘ በኋላ ለቆ፣ የሸሸውን ጓደኛውን አሳዶ ገደለ። ይህን የምጽፈው ሟቹን ለመውቀስ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት መሸሽ የማንም ሰው ተፈጥሮ ነው። ስለዚህም ነው አስቀድሞ ከልጆች ጋር መለማመድ የሚያስፈልገው።

መልስ፦ ብስክሌተኛዋ
ከያዘ ደግሞ መታገል ነው፤ እንደ ሞተ ሰው መተኛት አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2024 እዚሁ ግዛት ባለችው ፎል ሲቲ አጠገብ ኩጋር አንዲት ብስክሌተኛን ፊቷ ላይ ነክሶ ሲይዛት፣ ጓደኞቿ ደብድበው አስለቀቋት፤ ከዚያም እርዳታ እስኪደርስ እንስሳውን በብስክሌት ከመሬት ጋር አጣብቀው ያዙት። ሴትየዋ ተርፋለች። የድብ መከላከያ የሚረጨውን ቆርቆሮ ወገብሽ ላይ ያዢ፤ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ አይደርስልሽም። በቅጠልና በአፈር የተሸፈነ የሞተ አጋዘን ካየሽም ወዲያውኑ ራቂ፤ ገድሎ የደበቀው ኩጋር ቅርብ ሊሆን ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትላንት በእኩለ ቀን ሄድን። ትንሿ በእኔና በአባቷ መካከል ነበረች። መሮጥ እንደማይቻል ስነግራት «እሱ ይሮጣል?» አለችኝ። «አዎ፣ ከሁላችንም በላይ» አልኋት። እስክንመለስ ድረስ እጄን አለቀቀችም።