ጎማዬ አብጦብኛል፣ ነገ ሀረጎን እወርዳለሁ፤ የትኛውን ልግዛ?

የሆጤ ሰው (ጥያቄ)
ያ ጀመዓ፣ ያላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ አመሻሽ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ መሃል ያለው የሀረጎ ዳገት ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ። ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አያሳይም ነበር። ቤት ገብቼ በስልክ መብራት ሳየው የፊተኛው ግራ ጎማ ጎኑ ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት አውጥቷል። ንፋሱ አልወረደም። ስነካው ጠንካራ ነው።

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ኮምቦልቻ ሥራ መግባት አለብኝ። ሰኞ ደግሞ እቃ ጭኜ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። የቀሩት ሦስቱም ቢሆኑ ጥርሳቸው ሳስቷል። ለአንድ ሻጭ ደውዬ «ለክረምትም ለበጋም የሚሆን ኦል ሲዝን አለኝ» ብሎኛል። ደሴ ብርድ ነው፣ ሀረጎ ጉምና ዝናብ፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ የባቲን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ለዚህ ሁሉ የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ጎማ የቱ ነው? እጄ ላይ ያለው ብር ለሁለት ይበቃል፤ ለአራት አይበቃም።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር
ወንድሜ መኪናው ምንድነው? የጎማው ቁጥርስ ስንት ይላል? ይህን ሳትነግረን ምን ብለን እንምከርህ?

አብሽር ብቻ
አብሽር ወንድሜ። ትንሽ ንፋስ ቀንስለትና ንዳው። የኔ እንዲሁ አብጦ ወር ሙሉ ነድቼዋለሁ፤ ምንም አልሆነም።

የጎማ ቤት ልጅ
በፍጹም! እኔ ጎሚስታ ነኝ። እብጠቱ ጎኑ ውስጥ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። ጎማው በጉድጓዱ ጠርዝና በቸርኬው መሃል ሲቆነጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ንፋስ የያዘው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ጎን አይለጠፍም። ማንም «እለጥፍልሃለሁ» ቢልህ አትስማው። ንፋስ ስትቀንስ ደግሞ ጎኑ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ መፈንጃው ይቀርባል። ሀረጎ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ወዴት እንደሚጎትትህ አስበው።

ዛሬ ማታውኑ አውልቀውና ስኮርታውን እሰር። ስኮርታህ ቀጭኗ ከሆነች ከፊት አትሰራት። ከኋላ አንዱን ወደ ፊት አምጣና እሷን ከኋላ አድርጋት። ከ80 በላይ አትንዳባት።

የሆጤ ሰው
እህታችሁ ነኝ፤ ወንድም አይደለሁም። ስቸኩል መኪናውን ሳልጽፍ ቀረሁ። ቪትዝ ነው፣ የድሮው ሞዴል። ጎማው ላይ 155/80 አር 13 79ኤስ ይላል። ስኮርታ አለኝ፤ ንፋሱን ግን አይቼው አላውቅም። አሁን ወንድሜ ክሪክ እያወጣ ነው።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ቁጥሩን ማወቅ ከመግዛት ይቀድማል። 155 የጎማው ወርድ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 80 የጎኑ ቁመት የወርዱ 80 በመቶ ነው ማለት ነው። 13 የቸርኬው መጠን ነው፣ በኢንች። 79 አንዱ ጎማ እስከ 437 ኪሎ እንደሚሸከም ይናገራል። ኤስ ደግሞ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት መቻሉን። ሻጭ «13 እስከሆነ ይገባል» ብሎ 165/65 ቢሰጥሽ እውነትም ይገባል። ነገር ግን ጎኑ ከ124 ሚሊ ሜትር ወደ 107 ይወርዳል። የዛሬው ዓይነት ጉድጓድ ሲያጋጥምሽ ቸርኬው መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። እቃ ጭነሽ ባቲ የምትወርጂ ከሆነ 79ኙን አትልቀቂ፤ ከዚያ በታች የሚልም አትቀበዪ።

ስለ ንፋስም ልንገርሽ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ወደ ታች ስትወርጂ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው በ1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል። ሙቀቱ ደግሞ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ሁለቱ ይቻቻላሉ። ባቲ ስትደርሺ ሙቀቱ ያሸንፋል፤ ጎማው በጉዞም ግሏል። እዚያ ለክተሽ «በዛ» ብለሽ እንዳታስተነፍሺው። ማታ ደሴ ስትገቢ ጎድሎ ታገኚዋለሽ። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ ነው። ልኩም በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል።

አብሽር ብቻ
መምህር እድሜ ይስጥልን። ግን እህታችን የጠየቀችው ነገ እንዴት ሥራ ልግባ ነው። ንፋስ ቀንሺና ቀስ ብለሽ ውረጂ እህቴ፣ አብሽሪ።

የጎማ ቤት ልጅ
ወላሂ ይሄን ምክር ደግመህ አትጻፈው። ያንተ አለመፈንዳቱ የአላህ ጥበቃ ነው።

የሐይቅ መንገደኛ
እኔ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ሻጩ «ለክረምትም ይሆናል» ሲልሽ አንቺ የሰማሽው ሐምሌና ነሐሴን ነው። ዝናቡን፣ ጭቃውን። የጎማ ፋብሪካው ክረምት የሚለው ግን ሌላ ነው፤ መንገዱን በረዶ የሚያለብሰው የፈረንጅ ክረምት ነው። ኦል ሲዝን የተሠራው ለዚያ በረዶ በመጠኑ እንዲሆን ተብሎ ነው። እኛ የምንፈልገው እርጥብ አስፋልት የሚይዝ ጎማ ነው። ውሃውን የሚያስወጣ ሰፊና ጥልቅ ቦይ ያለው መደበኛ ጎማ ይበቃሻል።

ጦሳ ስር
አንተ ሐይቅ ሆነህ ነው የምትፈርደው። ደሴ በህዳርና በታህሳስ ንጋት ላይ መስታወት ላይ ውርጭ ፍቄ ነው የምነሳው። መደበኛው ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ይደርቃል ይባላል። ማለዳ ለምትነሳ ሴት ኦል ሲዝን ምን ይጎዳታል?

የሐይቅ መንገደኛ
አይጎዳትም። ልክ ባለ ዋጋ ካገኘች ትግዛ። ለስሙ ብላ ግን ተጨማሪ ብር አትክፈል ነው ያልኩት። መጠንቀቅ ያለባት ከእውነተኛው የበረዶ ጎማ ነው። ከጃፓን በሚመጡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ አንዳንዴ ታስሮ ይመጣል፤ ወርዶም ይሸጣል። ጥርሱ ላይ በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ጥቅጥቅ ያለ ስንጥቅ አለው። በጥፍር ስትጫኚው ይለሰልሳል። ባቲ አስፋልት ላይ እንደ ላጲስ ነው የሚያልቀው፤ ኩርባ ላይም ይዋልላል።

የጎማ ቤት ልጅ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ከስሙ በፊት የሚታይ አለ። ብዙ ጎማ ጎኑ ላይ «ትራክሽን» እና «ቴምፕሬቸር» የሚል አለው፣ ከጎኑ ፊደል። ትራክሽን እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ እንዴት እንደሚቆም ነው። ኤኤ ከሁሉ ይበልጣል፣ ኤ ጥሩ ነው፣ ሲ ከሆነ ተይው። ቴምፕሬቸር ሙቀት መቻሉ ነው፤ እሱም ኤ ይሁን። አንዱ ለሀረጎ፣ ሌላው ለባቲ ማለት ነው።

ርካሽ ነው ተብሎ ያገለገለ ጎማ አትግዢ እህቴ። ከውጭ ጥርሱ ያምራል፤ ውስጡን ብትገለብጪው የተለጠፈ፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀ። ስም የሌለው አዲስ ጎማ ስም ካለው አሮጌ ይሻላል። ከምንም በላይ ግን የተሠራበትን ዘመን እዪ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር
ሁለቱን ስትገዢ ከፊት እሰሪያቸው። ቪትዝ የሚጎትተው በፊት ነው፤ ፍሬኑም ሸክሙ ወደፊት ነው።

የጎማ ቤት ልጅ
ሁሉም እንደዚያ ይላል፤ እኔ ግን ከኋላ ነው የማስረው። ውሃ ላይ የፊቱ ሲንሸራተት መሪው እጅሽ ላይ ቅልል ይላል። ነዳጁን ስትለቂ ተመልሶ ይይዛል። የኋላው ከሄደ ግን ምልክት የለውም። መኪናው ይዞራል፤ ሀረጎ ላይ ደግሞ መዞሪያ ቦታ የለም።

ጦሳ ስር
የፊቶቹ ላሽ ከሆኑስ?

የጎማ ቤት ልጅ
ቦዩ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ጎማ የትም መታሰር የለበትም። ለዝናብ ከ3 ሚሊ ሜትር በታችም አልወድም። የእህታችን ሦስቱም እዚያ ከደረሱ ሁለት አይበቃትም። ዛሬ ሁለት፣ በሚቀጥለው ደሞዝ ሁለት ትላለች። እስከዚያ ዝናብ ካለ መኪናው ይቁም።

የኮምቦልቻ ተመላላሽ
ለነገ ምን አስጨነቃችሁ? ሚኒባስ አለ አይደል? 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ተሳፍረሽ ሥራ ግቢ፤ ጎማውን እዚያው ገዝተሽ ተመለሺ። መኪና ይዘሽ የወረድሽ ቀን ደግሞ ማርሽ ዝቅ አድርጊ፣ ፍሬን ላይ አትተኚ።

አብሽር ብቻ
ይሄኛው ይሻላል። እኔም ሀሳቤን አንስቻለሁ። ሚኒባስ ያዢ እህቴ።

የሆጤ ሰው
አላህ ይስጣችሁ። ስኮርታው ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ጠዋት በሚኒባስ ነው የወረድኩት። አሁን የምሳ ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ አንድ ጎማ ቤት ቆሜያለሁ። መጠኑ ልክ ነው፣ 79ኤስ። ትራክሽን ኤ፣ ቴምፕሬቸር ኤ። ኤም እና ኤስ የሚል ፊደልም አለው፤ «ኦል ሲዝን ማለት ይሄ ነው» ይላል ሻጩ። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ይቀንሳል። ዶት ያለውን አይቼ መጨረሻው 2517 ነው። ሻጩም «የ2017 ነው፣ የዘንድሮ ነው» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኛል። ልክፈል?

የጎማ ቤት ልጅ
እንዳትከፍዪ! ቆይ።

የጎማ ቤት ልጅ
25 ሳምንቱ ነው፣ 17 ዓመቱ። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። የፈረንጅ 2017፣ 25ኛው ሳምንት ማለት በኛ ሰኔ 2009 ነው። አሁን ሐምሌ 2017 ላይ ነን። እጅሽ ላይ ያለው ጎማ 8 ዓመት አልፎታል። ሳይነዳም ላስቲክ ይደርቃል። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ቀለም ተቀብቶም ይሆናል። ጎኑን በአውራ ጣትሽ ጠምዘዝ አድርገሽ እይው፤ እንደ ፀጉር ቀጭን ስንጥቅ ታያለሽ። ሻጩም ሳያውቅ ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ እንደ እኛ ዘመን ነው የሚያነቡት።

የሐይቅ መንገደኛ
ኤም እና ኤስ ደግሞ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው። ፋብሪካው ራሱ የሚጽፈው ነው እንጂ ተፈትኖ የተሰጠው አይደለም። በበረዶ ላይ የተፈተነው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበት ነው። ላንቺ ሁለቱም አያስፈልግሽም።

የሆጤ ሰው
ጠምዘዝ አድርጌ አየሁት። እውነት ነው፣ በጎኑ ዙሪያ ቀጫጭን ስንጥቅ አለ። ሻጩም አብሮኝ አጎንብሶ አየና ዝም አለ። መልሼለት ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቤት አለ፤ መጨረሻው 24 ወይም 25 የሚል ካገኘሁ እገዛለሁ። ምሳ ሰዓቴ ሊያልቅ ነው።

ጡረተኛው መምህር
ጎበዝ ልጄ። ስታሳስሪ ባላንስ አሠሪ። ጉድጓዱ ቸርኬውንም አጣሞት ሊሆን ስለሚችል ይታይልሽ፤ አሰላለፉም ይለካ። አለዚያ አዲሱ ጎማ በአንድ በኩል ይበላል።

ቧንቧ ውሃ ሰፈር
እና በመጨረሻ ከፊት አሰርሽው ከኋላ?

የኮምቦልቻ ተመላላሽ
እህታችን፣ ዛሬ ሰኞ ነው። ባቲ ወረድሽ? የትኛውን እንደገዛሽ ንገሪን፤ እኔም ሰሞኑን መግዛቴ ነው።

ጦሳ ስር
እሷ እስክትመጣ እኔን እዩኝ። አሁን ወጥቼ የራሴን አነበብኩ፣ 0820 ይላል።

የጎማ ቤት ልጅ
የካቲት 2012። አምስት ዓመት ከአምስት ወር። ጥርሱስ እንዴት ነው?