26 ዓመት የሞላውን ተጫዋች ማን ያየዋል? የአውስትራሊያዎቹን አሰራር የምታውቁ እስቲ

የሸምብጥ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እኔ እዚህ ባህር ዳር የሰፈር ቡድን አሰለጥናለሁ፣ ደሞዝ ምናምን የለውም ከስራ በኋላ ነው። የአጎቴ ልጅ ሜልቦርን ነው ያለው እና ያቺን ፉቲ የሚሏትን የአውስትራሊያ ፉትቦል ሊንክ እየላከልኝ ማየት ጀመርኩ፣ ኳሷ ክብ አይደለችም፣ በእጅም በእግርም ይጫወታሉ፣ በአንድ ቡድን 18 ሰው። አሁን ለምጄዋለሁ ደስ ይላል። ግን እኔን የገረመኝ ጨዋታው ሳይሆን ተጫዋች የሚያገኙበት መንገድ ነው። 23፣ 25፣ 27 ዓመት የሆነውን ሰውዬ ከታችኛው ሊግ አንስተው ዋናው ሊግ ያስገቡታል! እኛ ጋ 21 ካለፈህ አለቀልህ ነው ሚባለው።

ለምን እንደጠየቅኩ ልንገራችሁ። ቡድኔ ውስጥ አንድ አማካይ አለ 26 ዓመቱ ነው፣ እውነተኛው 26 ማለቴ ነው። ቀን ቀን ከሀይቁ ዳር አሳ በባጃጅ ያመላልሳል። ይሄ ልጅ ኳስ ሲቀበል ከጀርባው ሰው መኖሩን ሳይዞር ያውቃል፣ ትከሻውን ትንሽ ዝቅ ያደርግና ሰውዬው ሲገፋው በዛው ግፊት ዞሮ ይወጣለታል፣ ይሄን ማንም አላስተማረውም። በቀደም አንድ ክለብ (ስም አልጠራም) ሙከራ ወሰድኩት፣ ገና ጫማውን እያሰረ ስንት ዓመትህ ነው አሉት፣ ነገራቸው፣ ታዳጊ ነው ምንፈልገው ብለው መለሱት። አንዲት ኳስ አልነካም። አንዱ ደሞ ስንወጣ ጠጋ ብሎ "ምናለ 20 ነኝ ቢል" አለኝ። እስካሁን አልወጣልኝም ይሄ ነገር።

እና ጥያቄዬ አውስትራሊያዎቹ በምን ተማምነው ነው ትልቅ ሰው የሚወስዱት? እኛ ጋስ ሊሰራ ይችላል ወይ? የምታውቁ በናታችሁ ጻፉልኝ።

ፉትስክሬይ ሐበሻ፦

ሰላም ወንድሜ። እኔ ሜልቦርን በምዕራቡ በኩል ነው የምኖረው፣ ዌሪቢ በባቡር ቅርባችን ስለሆነ የታችኛውን ሊግ ሜዳ ገብቼ ነው የማየው። የማውቀውን ልጻፍልህ ይረዝማል ታገሰኝ።

ዋናው ሊግ ኤኤፍኤል ነው፣ 18 ክለብ አለው። እዚህ ብር ያለው ክለብ ዝም ብሎ ሄዶ ልጅ አያስፈርምም፣ በፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ ድራፍት የሚባል አለ (የምጽፍልህ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)፣ በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ፣ መጨረሻ የወጣው ክለብ ተራው መጀመሪያ ይደርሰዋል። አብዛኛው የሚመረጠው 18 ዓመት የሞላው ልጅ ነው። እንግዲህ አስበው፣ የ18 ዓመት ልጅ ሰውነቱ አላለቀም፣ የተጫወተው ከእኩዮቹ ጋር ነው፣ ከትልልቅ ሰው ጋር ሲላተም ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ይስታሉ። አንዱ ቁመቱ ዘግይቶ ይመጣል፣ አንዱ ጉልበቱን ተጎድቶ ያን ዓመት ሳይጫወት ያልፋል፣ አንዱ ገጠር ስለሆነ መልማይ አይደርስበትም፣ አንዱም በ18ቱ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር።

እነዚህ የታለፉት የክልል ሊግ ይገባሉ፣ ቪክቶሪያ ላይ ቪኤፍኤል ነው፣ ደቡብ አውስትራሊያና ምዕራብ አውስትራሊያም የየራሳቸው አላቸው። አሁን ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው በደንብ አንብበው፦ የኤኤፍኤል ክለቦች ተጠባባቂ ቡድናቸውን እዛው የክልል ሊግ ውስጥ ነው የሚያጫውቱት። ዌሪቢ፣ ዊሊያምስታውን፣ ፖርት ሜልቦርን የሚባሉት ራሳቸውን የቻሉ ክለቦች ናቸው፣ ቅዳሜ ሜዳ ሲገቡ ግን ፊታቸው የሚቆመው ባለፈው ሳምንት ኤኤፍኤል ሲጫወት የነበረ፣ ከቋሚ የወረደ ወይ ከጉዳት የተመለሰ ደሞዝተኛ ነው። መልማዩ መገመት አይጠበቅበትም። ቀን ሰርቶ ማታ የሚለማመድ የ24 ዓመት ሰውዬ ያንን ደሞዝተኛ ሲበልጠው ቁጭ ብሎ ያያል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ያያል፣ በሚቀጥለው ዓመትም። የተማመኑት በዚህ ነው።

ስም ልጥራልህ። ማይክል ባርሎው ዌሪቢ ሲጫወት ድራፍት እየመጣ እየሄደ አልፎት ነበር፣ 2009 መጨረሻ ላይ የኤኤፍኤሉ ክለብ ፍሪማንትል ወሰደው፣ 2010 ላይ ገና እንደገባ የሊጉ ወሬ እሱ ሆነ፣ እግሩ እስኪሰበር ድረስ ማለት ነው። ተመልሶ ለዓመታት ተጫውቷል፣ በኋላ ደሞ አሰልጣኝ ሆኖ ዌሪቢን በ2024 የቪኤፍኤል ዋንጫ አስበላ። ጄምስ ፖድሲያድሊ ጂሎንግ ሲያሰልፈው 28 ዓመቱ ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት 2011 ዋንጫ በላ። ቲም ኬሊ ሳውዝ ፍሪማንትል ከሚባል የምዕራብ አውስትራሊያ ሊግ ክለብ በ23 ዓመቱ መጣ፣ 2019 ላይ የዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ።

ማርሊየን ፒኬት ግን ይለያል። በወጣትነቱ ታስሯል፣ ከወጣ በኋላ ሳውዝ ፍሪማንትል ነው የተጫወተው፣ ዓመት በዓመት ስሙን የጠራው ክለብ አልነበረም። 2019 ላይ ኤኤፍኤል በሲዝን አጋማሽ ድራፍት መልሶ ጀመረ፣ ረጅም ጉዳት የደረሰበት ተጫዋች ያለው ክለብ በቦታው ሰው እንዲተካ። ሪችመንድ ፒኬትን ወሰደው፣ 27 ዓመቱ ነበር፣ ያኔ ጣቱ ተሰብሮ ነበር እንኳን። ተጠባባቂ ቡድን አስገቡት። መስከረም ላይ የቪኤፍኤል ፍጻሜ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። በሳምንቱ ከዋናው ቡድን አንድ ሰው ተጎድቶ ስለነበር እሱን አሰለፉት፣ የመጀመሪያ የኤኤፍኤል ጨዋታውን የዋንጫ ፍጻሜ ላይ፣ ኤምሲጂ የሚባለው የሜልቦርን ትልቁ ስታዲየም ውስጥ፣ ከ100 ሺህ ሰው ፊት! በፍጻሜ ጨዋታ የጀመረ ሰው ከ1952 ወዲህ አልነበረም። ጎል አገባ፣ ሪችመንድ በነጥብ 114 ለ25 አሸነፈ። እኔ ያን ቀን ቴሌቪዥን ላይ ሳየው እንባዬ መጣ።

የድሮ በረኛ፦

የሸምብጡ ልጅ ቁጭትህ ይገባኛል፣ ግን እኔ እንደ ታላቅህ የማየውን ልናገር። ፉትስክሬይ የጠራቸው ሁሉ የተሳካላቸው ናቸው። በ25 ዓመቱ ተወስዶ በዓመቱ የተሰናበተ እዛም ሞልቷል፣ የሱ ስም አይጠራም። ክለብ በጀቱ ከከተማ አስተዳደር ነው፣ ለ26 ዓመት ልጅ ብር አውጥቶ ጉልበቱ ቢሄድ ማን ይጠየቃል? አሰልጣኙ ነው። አሰልጣኝ ደሞ በአራት ጨዋታ ሽንፈት ይባረራል።

ሌላው፣ እነ ባርሎው የመጡት ከሰፈር ሜዳ አይደለም፣ ከሁለተኛው እርከን ነው። ልጅህ ከቀበሌ ሜዳ ተነስቶ ቀጥታ ፕሪሚየር ሊግ ሙከራ ሲገባ ዕድሜውን ባይጠይቁትም ልጁን ለመለካት መለኪያ የላቸውም። የሰፈር አጥቂ ላይ ሰርቶ ማሳየቱ ምንም አይነግራቸውም። መጀመሪያ አንደኛ ሊግ (ሶስተኛው እርከን) አስገባው፣ ከዛ ከፍተኛ ሊግ (ሁለተኛው)። በኛ ጊዜ የፋብሪካና የመስሪያ ቤት ቡድን ነበር፣ ትልቅ ሰው እየሰራ ይጫወታል፣ ሰኞ ስራ ገብቶ ቅዳሜ ትልቅ ቡድን ላይ ይቆማል፣ በዛ መንገድ 27 ዓመቱ ላይ የታየ ሰው አውቃለሁ። ያ መሰላል ከተነሳ በኋላ ነው ሁሉም ታዳጊ ታዳጊ የሚለው።

ማዕዘን ምት፦

የበረኛውን ነገር እስማማለሁ ግን ጋሼ አንድ ነገር ረሱ፣ ራሱ ባህር ዳር ከተማ በኛ አቆጣጠር በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ ይዞት ያደገው የከፍተኛ ሊግ ተጫዋች ነው። በ2015 ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ገብቶ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጥሎታል። የጣና ሞገዶቹ ከታች ነው የመጡት በቃ፣ ከታች ሰው አይገኝም ማለት ለኛ ከተማ አይሰራም።

እና ስለ ዕድሜው፣ 20 ነኝ ቢል ያለው ሰውዬ በጣም ነው ያናደደኝ። እዚህ አገር ዕድሜ የሚቀነሰው ለምን ሆነና፣ 24 ሆነህ እውነቱን ከተናገርክ በር ስለሚዘጋ ነው። በወረቀት 19 የሆነው ልጅ በጉልበቱ እውነተኛውን 17 ይበልጠዋል፣ እውነተኛው 17 ይባረራል፣ የተወሰደው ደሞ "ይሻሻላል ገና ልጅ ነው" ሲባል ይቆይና አይሻሻልም፣ ምክንያቱም አድጎ ጨርሷል። ለ25 ዓመት ሰው ሁለት ቦታ ብቻ በግልጽ ቢተው ይሄ ሁሉ ውሸት ግማሹ ይቀር ነበር እላለሁ። ያ ልጅ እውነቱን በመናገሩ በናትህ አክብርልኝ።

የሸምብጥ ልጅ፦

እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁም። ጋሼ ያሉት የመለኪያው ነገር ገብቶኛል፣ ግን ከፍተኛ ሊግም ቢሆን ልጁን ማን ያየዋል? ፕሪሚየር ሊጉ በኛ አቆጣጠር ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰበ ነው የሚካሄደው፣ አሰልጣኞቹ ወራት ሙሉ ሆቴል ናቸው፣ የእሁድ ጨዋታችንን ሊያይ የሚመጣ የለም። ድሮ ቢያንስ ቡድኑ እዚሁ ሲጫወት ምክትሉ ብቅ ይል ነበር። ሙከራ ሲባል ደሞ 60 ልጅ ሰብስበው በ20 ደቂቃ ነው የሚመርጡት፣ በዛ ውስጥ የሚታየው የሚሮጠውና ሁለት ሰው የሚያልፈው ነው፣ የኔ ልጅ ጨዋታ የሚያቀል እንጂ የሚያሸበርቅ አይደለም፣ በ20 ደቂቃ አይታይም።

ፉትስክሬይ እስቲ ንገረኝ፣ እነዚያ መልማዮች ትልቅ ሰው ላይ ምን ምን ነው የሚያዩት? እኔ ራሴ ላዘጋጅለት።

ግሽ ዓባይ ሰፈር፦

ከመሀል ስለገባሁ ይቅርታ፣ እኔ ሴት ነኝ ኳስ እጫወታለሁ፣ ወንዶቹ 21 ላይ አለቀ ካሏችሁ እኛ ሴቶቹ ጋ ደሞ በ22 ዓመታችን ነው ቤተሰብ የሚፈቅድልን ገና! ስለዚህ ይሄ ወሬ ከናንተ በላይ የኛ ነው። እዛው አውስትራሊያ የሴቶቹ ሊግ በፈረንጆቹ 2017 ሲጀመር ክለቦቹ ትልልቅ ሴቶችን ነው የሰበሰቡት፣ ከሌላ ስፖርት ጭምር። ኤሪን ፊሊፕስ አሜሪካ ድረስ ሄዳ ቅርጫት ኳስ የተጫወተች ናት፣ ለአዴሌድ ስትገባ 31 ዓመቷ ነበር፣ በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫም በላች የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለች፣ 2019 ላይ ሁለቱንም ደገመችው። ልጅነቷን ከወንዶች ጋር ፉቲ ስትጫወት አድጋ 13 ዓመት አካባቢ ሴት ስለሆነች ነው የከለከሏት፣ ሊጉ የመጣው ከዛ ስንት ዓመት በኋላ ነው። ዕድሜ ቢጠይቋት ኖሮ ጠፍታ ትቀር ነበር። አሰልጣኞች ካላችሁ እባካችሁ ሴቶቹ ላይም በዚህ ዓይን እዩ።

ፉትስክሬይ ሐበሻ፦

እህቴ ስላመጣሻት አመሰግናለሁ፣ የፊሊፕስ ነገር እውነት ነው።

ወንድሜ ስለ ጠየቅከኝ፣ ትልቅ ሰው ላይ የሚታየው ከልጅ ይለያል። ልጅ ላይ ምን ሊሆን ይችላል ነው ጥያቄው። የ26 ዓመት ሰው ላይ ዛሬ ምን ይሰራል፣ በየሳምንቱ ይሰራዋል ወይ፣ እኛ የጎደለን ነገር እሱ ነው ወይ፣ በቃ። ስለዚህ ምርጥ ምርጡን ቆራርጠህ ሙዚቃ ያለው ቪዲዮ አትላክ ማንም አያምነውም። ሙሉ ጨዋታ ቅረጽ፣ ስልኩን ከፍ ያለ ቦታ አድርገህ ሜዳው ግማሹ እንዲታይ፣ በተለይ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ፣ ሰው ሲደክም እሱ የት እንደሚቆም ይታይ። ኳስ ሲነጠቅ በሚቀጥሉት አምስት ሰከንድ ምን ያደርጋል? ቆሞ እጁን ያነሳል ወይስ ይመለሳል? ይሄን አሰልጣኝ ሁሉ ያየዋል። የተሸነፋችሁበትን ጨዋታም ጨምር።

ሁለተኛ ጋሼ እንዳሉት መለኪያ አምጣለት። ክረምት ላይ የፕሪሚየር ሊግና የከፍተኛ ሊግ ልጆች እረፍት ወጥተው ወደ ሰፈራቸው ይመጣሉ አይደል፣ የሰፈር ውድድር ላይ ይጫወታሉ። ልጅህን እነሱ ላይ አሰልፈው፣ በነሱ አማካይ ፊት ለፊት፣ ያንን ቅረጽ። መልማዩ ያኛውን ተጫዋች ያውቀዋል፣ ያንተን ልጅ በሱ ይለካዋል። እዚህ የክልል ሊጉ የሚሰራው ስራ እኮ ይሄ ነው።

ሶስተኛ የት ክለብ አማካይ እንደተጎዳበት ተከታተል፣ ለሁሉም አትላክ። ዕድሜውን ከላይ ጻፈው 26 ብለህ፣ የጉዳት ታሪኩንም ጻፍ። ቶም ስቱዋርት ጂሎንግ አካባቢ ካለ የሰፈር ክለብ ተነስቶ አንድ እርከን ወጥቶ ቪኤፍኤል ገባ፣ ከዛ በ23 ዓመቱ ተወሰደ፣ 2022 ዋንጫ በልቷል። የሰፈር ሜዳ ላይ ቀርቶ ቢሆን እሱንም ማንም አያየውም ነበር። ያንተም ልጅ መጀመሪያ አንደኛ ሊግ ይፈርም።

የድሮ በረኛ፦

ይሄ ልክ ነው። የሸምብጡ ልጅ፣ አንደኛ ሊግ የሚያሰለጥን አብሮኝ የተጫወተ ሰው አለ፣ ዕድሜ የማይጠይቅ ሰው ነው። ሙሉውን ጨዋታ ቅረጽና በውስጥ መስመር ላክልኝ እኔ አደርሰዋለሁ። ባጃጁን የሚይዝለት ሰው ግን ከአሁኑ ፈልጉለት፣ ልምምዱ ጠዋት ነው፣ አሳው ደሞ ጠዋት ነው የሚወጣው።